ድርጎውና የጤና ዋስትናው የሚያበቁበት ቀን፦ በቶሮንቶ የሚገኙ የሕክምና ምርምር ተማሪዎቻችን ጉዳይ

በቶሮንቶ ከተማ ሰሜን ምዕራብ፣ በሐምበር ወንዝ ዳር በምትገኘው በዌስተን ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል በሕክምና ምርምር ለማስተርስና ለዶክትሬት ዲግሪ የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ከ2015 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በዌስተን ጣቢያ የሚያልፈው ፈጣን ባቡር በሩብ ሰዓት ገደማ መሐል ከተማ ስለሚያደርሳቸው፣ በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ግራና ቀኝ ወደተሠሩት የምርምር ሆስፒታሎች መመላለሱ ብዙ አያስቸግራቸውም። የሚያስቸግራቸው፣ የሚተዳደሩበት ገንዘብና የጤና ዋስትናቸው መቼና በምን ምክንያት እንደሚቋረጥ አስቀድሞ የሚያስረዳቸው ማጣታቸው ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ ሁለቱም ድጋፎች የተሳሰሩት ከምርምሩ ጋር ሳይሆን ከተማሪው ምዝገባ ጋር መሆኑን ነው። ምርምር የሚያልቀው ውጤቱ ሲገኝ ነው፤ ምዝገባ ግን የሚያልቀው ቀኑ ሲደርስ ነው። ችግሩም የሚፈጠረው በነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው።

በመጀመሪያ ስታይፔንድ የሚባለውን የመተዳደሪያ ገንዘብ እንመልከት። በአማርኛችን ድርጎ ብንለው አይበዛበትም፤ ድርጎ በቀድሞው ሥርዐት ለእንግዳ በቆይታው ልክ የሚሰፈር ቀለብ እንጂ የሥራ ዋጋ አልነበረምና። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም ለዶክትሬት ተማሪ ድርጎ እሰጣለሁ ብሎ ቃል የሚገባው፣ በተለመደው አሠራር፣ ማስተርስ ይዞ ለገባ ለአራት፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለገባ ለአምስት ዓመት ነው። ከ2025 መኸር ጀምሮ ዝቅተኛው መጠን፣ የትምህርት ክፍያውን ጨምሮ፣ በዓመት 40,000 የካናዳ ዶላር ሆኗል። ዲግሪውን ለመጨረስ የተፈቀደው ጊዜ ግን ለመጀመሪያው ስድስት፣ ለሁለተኛው ሰባት ዓመት ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ ከተፈቀደለት ጊዜ ሳያልፍ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ያለ ድርጎ ሊማር ይችላል ማለት ነው። የፌዴራሉ መንግሥት የዶክትሬት ስኮላርሺፕም በ2024 ወደ 40,000 ዶላር ከፍ ቢልም፣ የሚሰጠው ለ36 ወር ብቻ ነው።

በሕክምና ምርምር ደግሞ ጊዜው በተማሪው እጅ አይደለም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መጠበቅ አለ፤ ለጥናቱ የሚሆኑ ሕሙማን እስኪሟሉ መቆየት አለ፤ የላቦራቶሪ ሙከራ ከሽፎ እንደገና መጀመር አለ። ከዚህም በላይ ድርጎው አብዛኛውን ጊዜ ከአማካሪው ፕሮፌሰር የምርምር ገንዘብ ስለሚወጣ፣ ያ ገንዘብ ሲሳሳ የተማሪው ኑሮም አብሮ ይሳሳል። ድርጎው እንደ ደመወዝ ስለማይቆጠር፣ በተቋረጠ ጊዜ የሥራ አጥ መድን ለመጠየቅ መብት አይሰጥም። ለዚህ የሚታሰበው፣ ተማሪው በረዳት መምህርነት ተቀጥሮ የሠራው ሰዓት ነው።

ወደ ጤና ዋስትናው ስንመጣ፣ የተማሪው የመኖሪያ ሁኔታ ወሳኝ ይሆናል። ዜጋ፣ ቋሚ ነዋሪ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ስደተኛ በኦንታርዮ የሕዝብ የጤና መድን፣ በተለምዶ ኦሂፕ በሚባለው፣ ይጠቃለላል፤ ትምህርቱ ስላለቀ ይህ አይቀርበትም። የሚቀርበት በተማሪዎች ማኅበር በኩል ያገኘው የነበረው የመድኃኒትና የጥርስ ሕክምና ድጋፍ ነው። የመድኃኒት ወጪው ከገቢው ጋር ሲነጻጸር የከበደበት ሰው ትሪሊየም ለሚባለው የክፍለ ሀገሩ የመድኃኒት ድጎማ ማመልከት ይችላል።

በተማሪ ፈቃድ የመጣው ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። ኦንታርዮ በ1994 የውጭ አገር ተማሪዎችን ከኦሂፕ ስላስወጣች፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዩሂፕ የሚባለውን የራሳቸውን መድን አቋቁመዋል። የዚህ መድን ዓመት ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኦገስት 31 ነው፤ የሚታደሰውም በምዝገባ ነው። ተማሪው ዲግሪውን ፈጽሞ ሥራ ፍለጋ ሲገባ ዩሂፕ ያበቃል፤ ኦሂፕ ግን ወዲያውኑ አይተካለትም። በሥራ ፈቃድ ኦሂፕ ለማግኘት፣ ቢያንስ ለስድስት ወር በኦንታርዮ አሠሪ ዘንድ የሙሉ ጊዜ ሥራ መያዝ ያስፈልጋልና። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ከማርች 2020 ጀምሮ መድን የሌለውም ሰው በሆስፒታል በነጻ ይታከም ነበር፤ ይህ በማርች 31 ቀን 2023 ቀርቷል። ስለዚህ ዛሬ በክፍተቱ ውስጥ የታመመ ሰው የሆስፒታሉን ሒሳብ የሚከፍለው ከኪሱ ነው።

በዚህ ላይ የኢሚግሬሽኑ ቀን ይጨመራል። የትምህርት ፈቃድ ትምህርቱ ከተፈጸመ ከ90 ቀን በኋላ ይሞታል፤ ከምረቃ በኋላ ለሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ማመልከት የሚቻለው ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ ነው። አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ ድርጎው፣ መድኑና ፈቃዱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቀን አላቸው፤ ቀኖቹም እርስ በርሳቸው አይጠባበቁም።

ስለዚህ ተማሪው የመጨረሻውን የቃል ፈተና ቀን ከመቁረጡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ቢያቀርብ ይበጀዋል፦ የመጨረሻው ድርጎ የሚከፈለው በየትኛው ወር ነው? የጤና መድኑ የመጨረሻ ቀን የትኛው ነው? ትምህርቱ ተፈጸመ ተብሎ የሚመዘገበው በየትኛው ቀን ነው? የቃል መልስ ይረሳል፤ የተጻፈው ግን ማስረጃ ይሆናል። ክፍተት እንደሚኖር ከታወቀም የግል መድን መግዛት የሚገባው ዩሂፕ ሳያበቃ ነው። ገንዘቡ ለሌለው፣ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች የጤና ካርድ የሌለውንም ሰው ያስተናግዳሉ።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ የተማሪው ብቻ ተደርጎ ሊተው አይገባም። ወላጆቹ በዚሁ አገር ያሉት ተማሪ ክፍተቱን በአባቱ ቤት ያሳልፋል። የእኛ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያችው ድርጎ ቀንሶ ወደ አገር ቤት የሚልክ ነው። በኢትዮጵያ በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ገበሬው ሳይታመም አስቀድሞ ማዋጣትን እንደሚቀበል አሳይቷል። በስደት ያሉት ዕድሮቻችን ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ያላቸውን ጥንካሬ ሁላችንም እናውቃለን። ከመዋጮው ጥቂቱን ለይተው፣ በምርምር ፍጻሜ ላይ ላለ ተማሪ የሦስትና የአራት ወር መድን በብድር ቢሸፍኑ፣ ተማሪው ሥራ ሲይዝ የሚመልሰው ነው። ይህን የዕድር መሪዎችና ምሁራን ተቀምጠው እንዲመክሩበት እናሳስባለን።