ደኑ አለ፣ ድምፁ ግን የለም

በ1988 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች፣ ሊንከን ሜዶ በተባለ ቦታ፣ አንድ የእንጨት ኩባንያ ደን ሊቆርጥ ተነሣ። የአካባቢውን ሰው ያግባባው፣ ዛፉን ሁሉ ሳይጨፈጭፍ እየመረጠ ስለሚቆርጥ ጉዳት አይደርስም ብሎ ነበር። ሙዚቀኛው በርኒ ክራውስ ከቆረጣው በፊት በሰኔ ወር ንጋት ላይ ሄዶ ድምፁን ቀዳ። በዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት ተመልሶ መጣ። በፎቶግራፍ ሲታይ ደኑ ምንም የሆነ አይመስልም። በቅጂው ውስጥ ግን ጎልቶ የሚሰማው የጅረቱ ፍሳሽና የአንድ ግንደ ቆርቁር ኳኳታ ነው፤ የንጋቱ የወፎች ጫጫታ የለም። ክራውስ በቀጣዮቹ 25 ዓመታት ቢመላለስም የቀድሞው ድምፅ አልተመለሰም።

ሰውየው ጥንት የደን ባለሙያ አልነበረም። በ1963 ዘ ዊቨርስ ከተባለው የፎክ ቡድን ጋር ተጫውቷል፤ ቀጥሎም ከፖል ቢቨር ጋር ሞግ ሲንተሳይዘር የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ለሆሊውድ ካስተዋወቁት አንዱ ሆነ። ጫካ የገባው ለአልበም ድምፅ ፍለጋ ነው። ሙዚቀኛ መሆኑ ግን ጠቅሞታል። ቅጂውን ወደ ሥዕል ሲለውጠው፣ ጊዜው ወደ ጎን፣ የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ ነፍሳቱ፣ ወፎቹና እንቁራሪቶቹ ከበሮው ከታች፣ ዋሽንቱ ከላይ እንደሚሆንበት የባህል ባንድ ቦታ ቦታቸውን ይዘው አገኛቸው። አንዱ የሌላውን አይጋፋም የሚለው ይህ መላ ምቱ ሁሉንም ተመራማሪ አላስማማም፤ እኔም በየደኑ ይሠራል ብዬ አልምልም። በሊንከን ሜዶ የወፎቹ ቦታ ባዶ መሆኑን ለማየት ግን መላ ምቱን መቀበል ግድ አይደለም።

በ2016 የፓሪሱ ካርቲየር ፋውንዴሽን እነዚህን ሥዕሎች በጨለማ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከነድምፃቸው አቅርቧቸዋል። ተመልካቹ ተቀምጦ ደን ያዳምጣል። ደስ ይላል፤ ሆኖም አድማጩ አድንቆ ወደ ቤቱ ቢሄድ የትኛውም መጋዝ አይቆምም። ራሱ ክራውስ እንደሚለው፣ ከቀዳቸው ቦታዎች ግማሽ ያህሉ ዛሬ ወይ ጸጥ ብለዋል፣ ወይ ክፉኛ ተለውጠዋል። በ2017 የካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ቤቱንና መሣሪያዎቹን አወደመ፤ ቅጂዎቹ የተረፉት ግልባጫቸው ሌላ ቦታ ስለነበረ ነው።

እኛ ዘንድ በየክረምቱ የምንሰማው የተተከለ ችግኝ ቁጥር ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦን አልብሷል፤ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው። በጆሮ ቢመዘን ከነባሩ የጥድና የወይራ ደን እኩል የሚቆም አይመስለኝም። የሊንከን ሜዶ ቅጂ ማስረጃ ለመሆን የበቃው መጋዙ ሳይገባ ስለተቀዳ ነውና፣ የሐረናና የሸካ ደኖች ዛሬውኑ መቀዳት አለባቸው። ለአንድ ወረዳ የደን ጽሕፈት ቤት የሚገዛ መቅጃም፣ ለችግኝ ተከላ ቀን ከሚታተመው ባነርና ቲሸርት የሚወደድ አይመስለኝም።