የቤት ዕቃን ያለ ሩቅ ሰርቨር ማዘዝ፦ ከኢንስቲዮን መዘጋት የተገኘ ትምህርት

ዘመናዊ ቤት በሚባለው አሠራር አምፖል፣ ማሞቂያና የበር ቁልፍ በስልክ ይታዘዛሉ። እነዚህን ዕቃዎች እርስ በርስ የሚያገናኘው ሀብ ተብሎ የሚጠራ ትንሽ ማዕከላዊ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ትዕዛዙ ከስልኩ በቀጥታ ወደ ሀቡ አይደርስም። በኢንተርኔት ወደ አምራቹ ኩባንያ ሰርቨር ሄዶ እንደገና ወደ ቤት ይመለሳል። ይህ የሩቅ ሰርቨር አገልግሎት ክላውድ ይባላል። በመኾኑም ኩባንያው ሰርቨሩን ሲዘጋ፣ በገንዘብ የተገዛው ዕቃ ሳይበላሽ ከአገልግሎት ውጭ ሊኾን ይችላል።

ይህ በአሜሪካ በተግባር ታይቷል። በ299 ዶላር ይሸጥ የነበረው ሪቮልቭ የተሰኘ ሀብ፣ አምራቹን ኔስት ከገዛው በኋላ ግንቦት 7 ቀን 2008 ዓ.ም ሥራ እንዲያቆም ተደርጓል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም ደግሞ የኢንስቲዮን ሰርቨሮች ደንበኞች አስቀድመው ሳይነገራቸው ተዘጉ።

ይሁንና በርካታ የኢንስቲዮን ተጠቃሚዎች ሀቡን አልጣሉትም። መሣሪያው ከቤት ውስጥ ኔትወርክ ትዕዛዝ የመቀበል ችሎታ ነበረው። ስለዚህ ሆም አሲስታንት የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር በአነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ጭነው፣ ኮምፒውተሩንና ሀቡን በአንድ ኔትወርክ አገናኙ። ትዕዛዙም ከቤት ሳይወጣ መድረስ ጀመረ። በወቅቱ የተሰጠው ዋና ማሳሰቢያ ሀቡን ወደ ፋብሪካ ይዞታው እንዳይመልሱት ነበር፤ እንደገና ለማዋቀር የተዘጋው አገልግሎት ያስፈልግ ነበርና። ከሁለት ወራት ገደማ በኋላ የተወሰኑ ተጠቃሚዎች ኢንስቲዮንን ገዝተው ሰርቨሮቹን መልሰው ከፍተዋል።

ይህ መንገድ ለሁሉም ሀብ አይሠራም። አንዳንዱ ከአምራቹ ሰርቨር በቀር ሌላ ትዕዛዝ እንዳይቀበል ተደርጎ የተሠራ ነው። በቤት ውስጥ የሚሠራውም ቢኾን መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ጥገናውም የባለቤቱ ኃላፊነት ይኾናል። አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመበትን ሀብ ለውጭ ኢንተርኔት ክፍት ማድረግም ለጥቃት ያጋልጣል።

እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛ ወይም ከውጭ ሀገር ዘመድ የተላከለት ሰው በቀላሉ ሊፈትሸው ይችላል። የቤቱ ዋይፋይ እንደበራ ኾኖ ከውጭ የሚገባው የኢንተርኔት መስመር ብቻ ይነቀል፤ የስልኩም የሞባይል ዳታ ይዘጋ። አምፖሉ አሁንም በስልክ ከታዘዘ መቆጣጠሪያው በቤት ውስጥ ነው። ካልታዘዘ ግን የዕቃው ዕድሜ በሌላ ሰው ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ መኾኑን ዐውቆ መግዛት ይገባል።