«ሲስተም የለም»፦ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የኮምፒዩተር ኔትወርክ እንዴት ይነደፋል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ፍኖተ ሰላም ከመድረሱ በፊት ደምበጫን ያገኛል። ደምበጫ የወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች የሚመጣው ገበሬ ገበያውንና ጉዳዩን አስተባብሮ፣ ገሚሱም ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ ተጉዞ ወደ ጽሕፈት ቤቶቹ ይዘልቃል፤ ከአባቱ የወረሰውን መሬት በስሙ ለማዛወር፣ የኪራይ ውል ለማስመዝገብ ወይም ግብር ለመክፈል። እንዲህ ያለ ባለጉዳይ በየትኛውም የአገራችን ወረዳም ሆነ ክፍለ ከተማ ወረፋው ደርሶት ከጠረጴዛው ፊት ሲቆም ሊሰማት የሚችል አንዲት የታወቀች መልስ አለች፦ «ሲስተም የለም»። ለእርሱ ትርጉሟ ግልጽ ነው፤ የአንድ ቀን ሥራና የአንድ ቀን መንገድ ባክኗል ማለት ነው።

ለሳይንስ ተማሪ ግን ይህች መልስ አጥጋቢ አይደለችም። የለም የተባለው ምኑ ነው? መብራት ነው? ከኮምፒዩተሩ እስከ ግድግዳው ያለችው ገመድ ናት? መዝገቡ የተቀመጠበት ሰርቨር ነው? ወይስ ጽሕፈት ቤቱን ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው የውጭ መስመር? አራቱም የተለያየ ምክንያትና የተለያየ መድኃኒት ያላቸው ሕመሞች ናቸው። በአግባቡ ባልተነደፈ ኔትወርክ ግን አራቱም አንድ መልክ ይዘው ይታያሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹን ይዞ ይወድቃልና። በዚህ ጽሑፍ ብዙ ተጠቃሚዎች ያሉትን የአንድ ጽሕፈት ቤት የውስጥ ኔትወርክ፣ ባለሙያዎች በተለምዶ ላን የሚሉትን፣ ይህ እንዳይሆን አድርጎ ለመንደፍ ምን ምን ማሰብ እንደሚያስፈልግ ለመመልከት እንሞክራለን።

ሩቅና ቅርብ

የአገራችን ወረዳዎች ከኮምፒዩተር ኔትወርክ ጋር በስፋት የተዋወቁት በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በተጀመረው በወረዳኔት ፕሮጀክት አማካይነት ነበር። ፕሮጀክቱ ከ500 በላይ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በሳተላይት ለማገናኘት የታቀደ ሲሆን የቪዲዮ ስብሰባ፣ የኢንተርኔትና የድምፅ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። በዚያው ዘመን መንትያው የሆነው ስኩልኔት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስገባት ጀምሯል፤ ታላላቅ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ሳያስታውሱት አይቀሩም። በኋለኞቹ ዓመታት የፋይበር መስመር እየተስፋፋ ቢሄድም የሳተላይቱ ዘመን አንድ ዘላቂ ትምህርት ትቶልናል፤ እርሱንም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል።

የመገናኛ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። መልእክት ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ ወደ ምድር እስኪመለስ ቢያንስ 71,572 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ይህ 0.24 ሰከንድ ይፈጃል። ጥያቄ ሄዶ መልስ ሲመጣ ደግሞ ጉዞው እጥፍ ስለሚሆን ግማሽ ሰከንድ ያህል ይሆናል። ግማሽ ሰከንድ ለሰው ትንሽ ናት። ነገር ግን አንድ የመዝገብ ፕሮግራም የአንድን ገበሬ ማኅደር ለመክፈት ተራ በተራ 100 ጥቃቅን ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ምንም ሳይሠራ 50 ሰከንድ በመጠበቅ ብቻ ያልፋል። በአንጻሩ በ100 ሜትር የመዳብ ገመድ ላይ፣ ምልክቱ ከብርሃን ፍጥነት ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ አንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ያህል መሆኑ ነው! የውጭው መስመር የቱንም ያህል ቢሰፋ ይህን መዘግየት አያሳጥረውም፤ የመንገዱ ስፋትና የመንገዱ ርዝመት ለየቅል ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ የገመድ ወይም የዕቃ ምርጫ ሳይሆን የቦታ ጉዳይ ነው። በየቀኑ የሚፈለግ መዝገብ በወረዳው ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ላይ የሚላከው ቅጂው ነው። አገር አቀፉ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት የተዘረጋው በዚህ አስተሳሰብ ነው ማለት ይቻላል። የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት የራሱ ሰርቨር ይኖረዋል፤ ውርስ፣ ስጦታ፣ ፍቺና ኪራይ እዚያው ይመዘገባሉ፤ መረጃው ከበላይ አካል ጋር የሚናበበው ግንኙነት ሲኖር ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የኢንተርኔት አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ መዝገቡ በግቢው ውስጥ ያለ ጽሕፈት ቤትና መዝገቡ በሩቅ ከተማ የተቀመጠ ጽሕፈት ቤት ዕጣቸው አንድ አይሆንም።

ከአዋጅ ነጋሪ ወደ ፖስተኛ

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። ለምሳሌ ያህል አራት ሕንፃዎችና 60 ኮምፒዩተሮች ያሉት የወረዳ አስተዳደር ግቢ እናስብ። እነዚህ 60 ኮምፒዩተሮች እንዴት ይነጋገራሉ?

መልሱ ከሩቅ ደሴቶች ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በተለያዩ ደሴቶች ላይ ያሉ የኮምፒዩተር ተጠቃሚዎችን በሬዲዮ ያገናኘ አሎሃኔት የተባለ ኔትወርክ ሥራ ላይ አዋለ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ የምትናገረው ካለህ ተናገር፤ ከሌላው ጋር ከተጋጨህ ጥቂት ጠብቀህ ድገም። እንዲህ ባለው ሥርዓት ከመስመሩ አቅም ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለው ቢበዛ 18 በመቶ ብቻ መሆኑ በሒሳብ ተረጋግጧል፤ ተናጋሪው ሲበዛ የሚደመጠው ያንሳልና። እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል የሚሠራው ሮበርት ሜትካልፍ ይህን ሐሳብ በገመድ ላይ አውሎ አሻሻለው፤ ከመናገርህ በፊት አዳምጥ፣ እየተናገርክም አዳምጥ የሚል ደንብ ጨመረበት። ሥራውንም የጥንት ፊዚክስ ሊቃውንት ብርሃንን ይሸከማል ብለው ባሰቡት ኤተር ስም ኢተርኔት ብሎ ጠራው። ኤተር አለመኖሩ ከተረጋገጠ ዘመናት ቢያልፉም ስሙ እስከ ዛሬ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ይኖራል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. በብዙ ቢሮዎቻችን ይታይ የነበረው ሃብ የተባለው ማገናኛ ይህንኑ የጋራ ገመድ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ያጨቀ ነበር። ሃብ እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ ለአንድ ሰው የመጣውን መልእክት ለገበያተኛው ሁሉ ይለፍፋል፤ በዚያ ሰዓት ሌላው ዝም ማለት አለበት። እርሱን የተካው ስዊች ግን እንደ ፖስተኛ ነው። የትኛው ኮምፒዩተር በየትኛው ቀዳዳ በኩል እንዳለ በትዝብት እየተማረ መልእክቱን ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። ስለዚህ ሁለት ሠራተኞች ፋይል ሲለዋወጡ ሌሎቹ 58 አይሰሙም፤ አይጠብቁምም።

ሆኖም ፖስተኛውም ቢሆን አዋጅ የሚያስነግርበት ጊዜ አለ። አንድ ኮምፒዩተር የሌላውን መገኛ ሳያውቅ ሲቀር «እገሌ ወዴት ነህ?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል። ተጠቃሚው ሲበዛ ጥሪው ይበዛል። የከፋው ደግሞ አንድ ሠራተኛ በቅን ልቦና የገመዱን ሁለት ጫፍ በግድግዳው ላይ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ቢሰካ የሚከተለው ነው። ያ ጥሪ መውጫ በሌለው ቀለበት ውስጥ ገብቶ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥርም ይባዛል፤ በሰከንዶች ውስጥ ኔትወርኩ በሙሉ ይታፈናል። ራዲያ ፐርልማን የተባለችው አሜሪካዊት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1985 ለዚህ ችግር መፍትሔ አበጅታለች። ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ቀለበት የሚፈጥረውን መንገድ ራሳቸው ይዘጋሉ፤ ዋናው መንገድ ሲበጠስም የተዘጋውን ይከፍታሉ። የሚያስገርመው ነገር ርካሽ ስዊቾች ብዙውን ጊዜ ይህ ችሎታ የላቸውም። በግዢ ጊዜ የዋጋውን ዓምድ ብቻ የሚያነብ ኮሚቴ ይህን ሳያስተውል ያልፋል።

ግድግዳ የሌለው ክፍልፋይ

ኔትወርኩን በክፍል በክፍል መለየትም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ደረጃ መሠረት አንድ ስዊች በውስጡ እንደ ብዙ ስዊች ሆኖ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ባለሙያዎች ቪላን ይሉታል። በምሳሌያችን ግቢ የመሬት መዝገቡ አንድ ክፍል፣ አይቤክስ በተባለው የበጀትና የወጪ ሥርዓት የሚሠራው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሌላ ክፍል፣ የተቀሩት ቢሮዎች ሦስተኛ፣ የሠራተኛውና የእንግዳው ስልክ ደግሞ አራተኛ ቢሆኑ የአንዱ ጥሪ ወደ ሌላው አያልፍም። ወደ ገንዘብ ቤት የሚያስገባው ማን እንደሆነም በአንድ በር ላይ መቆጣጠር ይቻላል።

አራተኛው ክፍል ቅንጦት አይደለም። የዋየርለሱ የይለፍ ቃል በቢሮ ውስጥ ምሥጢር ሆኖ አይቆይም፤ በሁለተኛው ሳምንት ጥበቃውም ያውቀዋል። በአንድ ኔትወርክ ውስጥ በተለምዶ የሚታደሉት አድራሻዎች 254 ብቻ ናቸው። 60 የነበረው ተጠቃሚ ስልክ ሲጨመርበት 150 ይሆናል። የሚመጣው የሚሄደው ስልክም አድራሻ ይዞ ስለሚቆይ አንድ ቀን የመሬት ባለሙያዋ ኮምፒዩተሯን ስትከፍት አድራሻ ታጣለች። የውጭው መስመር በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ቢሆን ደግሞ አንድ ስልክ 100 ሜጋ ባይት ማደሻ ሲያወርድ መስመሩን በሙሉ ለ400 ሰከንድ፣ ማለትም ለሰባት ደቂቃ ያህል ይይዛል። ስለሆነም ስልኮቹ በራሳቸው ክፍል ሆነው ከመስመሩ የተወሰነች ድርሻ ብቻ ሊሰጣቸው ይገባል።

ዋየርለስን ለዋናው ሥራ እንዲውል አንመክርም። አየሩ የጋራ በመሆኑ ወደ አሎሃኔት ዘመን ይመልሰናል፤ የቆርቆሮ ግድግዳና ጣሪያም ሞገዱን ያንጸባርቀዋል። ለስብሰባ አዳራሹ ግን መልካም ነው።

መዳብ፣ መስታወትና መብረቅ

ከላይ የተነገረው ሁሉ ለየትኛውም አገር የሚሠራ ነው። የሚከተለው ግን ክረምቱ ነጎድጓዳም ለሆነው ለጎጃም ደጋና ወይና ደጋ በተለይ ይመለከታል።

የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። አራቱ ሕንፃዎቻችን ግን በሰፊ ግቢ ተበታትነዋል። አንዳንድ ገጣሚዎች ርቀቱ 80 ሜትር ከሆነ «ይደርሳል» ብለው ከጣሪያ ጣሪያ መዳብ ይዘረጋሉ። መድረሱን ይደርሳል፤ ችግሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ የመሬት መስመር፣ ኤሌክትሪሺያኖች ኧርዝ የሚሉት አለው። መብረቅ በአንዱ ሕንፃ አጠገብ 20,000 አምፔር ወደ መሬት ቢለቅና የመሬቱ ተቃውሞ 10 ኦም ቢሆን በኦም ሕግ መሠረት የዚያ ሕንፃ የመሬት መስመር ከሩቁ መሬት አንጻር ወደ 200,000 ቮልት ይዘላል። ጎረቤቱ ሕንፃ ያን ያህል አይዘልም። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጭን መዳብ ይህን ልዩነት ይሸከማል፤ የኮምፒዩተር ኔትወርክ መሰኪያ ግን እንዲቋቋም የሚጠበቅበት 1,500 ቮልት ያህል ነው። መብረቁ ገመዱን ሳይነካው እንኳ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ስዊቾች፣ አንዳንድ ጊዜም ሰርቨሩ፣ አብረው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ከሰርቨሩ ጋር የሚቃጠለው የስንት ገበሬ ማሳ ወሰን እንደሆነ ማሰብ ነው።

መፍትሔው መስታወት ነው። የፋይበር ገመድ የሚያስተላልፈው ብርሃን በመሆኑ ኤሌክትሪክ አያሻግርም። በሕንፃዎች መካከል ፋይበር፣ በሕንፃ ውስጥ መዳብ፤ ይህ ለድርድር ሊቀርብ አይገባም እንላለን። አንዳንድ ፋይበር ከአይጥና ከአካፋ እንዲጠብቀው የብረት ልባስ ስለሚኖረው በዚያ ልባስ በኩል ቮልቱ ተመልሶ እንዳይገባ ብረት አልባውን መምረጥ ይገባል። ከአይጥና ከአካፋ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርጎ በመቅበር መጠበቅ ይቻላል። የሰርቨሩ መረጃ ቅጂም በየማታው በዚሁ ፋይበር ወደ ሌላ ሕንፃ ይተላለፍ፤ እሳት ሁለቱን ሕንፃ በአንድ ቀን አይበላምና።

የመብራቱንም ነገር በቁጥር እንየው። ሰርቨሩና ስዊቾቹ በአንድነት 320 ዋት ቢወስዱ፣ ባለ 12 ቮልትና 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ ደግሞ 2,400 ዋት ሰዓት ቢይዝ፣ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀምና በመቀየሪያው የሚባክነውን ብንቀንስ ሦስት ሰዓት ያህል እናገኛለን። ሠራተኛው ላፕቶፕ ካለው ከጠዋቱ የባለጉዳይ ሰዓት አብዛኛውን ሥራ ሳይቋረጥ ያሳልፋል። ስዊቹን ረስቶ ሰርቨሩን ብቻ ከባትሪ ጋር የሚያገናኝ ግን ጥቂት አይደለም። ያን ጊዜ መዝገቡ በርቷል፤ መንገዱ ጠፍቷል።

ሥራው ሲጠናቀቅ ርክክብ ከመፈረሙ በፊት አንድ ፈተና መደረግ ይኖርበታል። በሥራ ቀን፣ ባለጉዳይ ባለበት ሰዓት፣ የውጭውን መስመር ገመድ መንቀል፤ የመሬትና የገንዘብ ሠራተኞች ሥራቸውን መቀጠላቸውን ማየት። ቀጥሎ የሕንፃውን ቆጣሪ ማጥፋት። ከዚያም ከአንዱ ስዊች ሁለት ቀዳዳዎች ላይ አንድ ገመድ ደርቦ ሰክቶ መጠበቅ። በሦስቱም ጊዜ በመስኮቱ ፊት የቆመው ሰው ምንም ነገር እንደተፈጠረ ካላወቀ ፊርማውን ማኖር ይቻላል።