ስላረጁ የናፍታ መኪናዎች የሞተር እመቃና ስለ ደጋ አየር

የናፍታ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ስለዚህ እመቃው፣ በጋራዥ ቋንቋ ኮምፕሬሽን የሚባለው፣ የደከመ እንደ ሆነ መኪናው ማለዳ በብርድ አይነሣም፤ ቢነሣም ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ዳገትም ይከብደዋል። በመካነ ሰላም፣ በለጋምቦና በሳይንት ደጋ ብዙ ዘመን ያገለገለ የጽሕፈት ቤት መኪና እንዲህ ባደረገ ጊዜ «ሞተሩ አልቋል» የሚል ፍርድ ፈጥኖ ይሰጣል። ሞተሩ ይፈታ የተባለ እንደ ሆነ ግን ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ መኪናውም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው በሚሠራጭበት ወራት ደሴ ጋራዥ ቆሞ ይከርማል።

ከፍርዱ በፊት አገሩን ማሰብ ይገባል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ግድም ብቻ ነው። በፋብሪካው መጽሐፍ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ ስፍራ የተባለ ነው፤ በዚያ 30 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር በመካነ ሰላም 22 ባር ያህል ቢያሳይ በሽታ አይደለም። በዓባይ ሸለቆ በቀላሉ የሚነሣ ሞተር ደጋው ላይ የሚያስቸግረውም በከፊል ስለዚህ ነው። ዳገት ላይ የሚታይ ጥቁር ጢስም ብዙ ጊዜ የአየሩን መሳሳት እንጂ የሞተሩን ማለቅ አያመለክትም።

እንግዲህ ከቁጥሩ ማነስ ይልቅ የሲሊንደሮቹ መለያየት ይመርመር። ባትሪው ተሞልቶ፣ የአየር ፊልትሮው ጸድቶ፣ ሞተሩ ሞቆ ሲለካ ሁሉም ተቀራርበው፣ ከደጋው ልክም ሳይወርዱ የተገኙ እንደ ሆነ ጥፋቱን በማሞቂያው ካንዴላና በነዳጁ መስመር መፈለግ ይሻላል። አንዱ ብቻ ቢወርድ ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ ቫልቮቹ በተዘጉበት ጊዜ የታመቀ አየር ይነፋበታል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የጆሮ ነው። አየሩ በፊልትሮው በኩል ቢሰማ የማስገቢያው ቫልቭ፣ በጢስ መውጫው ቢሰማ የማስወጫው ቫልቭ ያፈስሳል፤ በዘይት መሙያው በርትቶ ቢተነፍስ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ በራዲያተሩ ውኃ አረፋ ቢወጣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ተበላሽቷል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ሲወርዱም አስቀድሞ የሚጠረጠረው ያው ጓርኒሲዮን ነው፤ እርሱን መለወጥ ደግሞ ሙሉ ሞተር ከመፍታት እጅግ ያነሰ ሥራ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መካኒክ ይሁን አይባልም። ነገር ግን የገንዘቡን ወረቀት የሚፈርመው እርሱ ነውና የየሲሊንደሩ ቁጥር፣ የተለካበት ስፍራና ቀን የተጻፈበት ማስረጃ ሳይቀርብለት ሞተር እንዲፈታ አይፍቀድ። በጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪናም የፊልትሮው ቤት እንዳይሰነጠቅ በየጊዜው ይታይ፤ በስንጥቁ የሚገባ አቧራ ከዕድሜ ይልቅ ፈጥኖ ሲሊንደር ይበላል።