መመለሻ ያለው ቅዝቃዜ

ልብን በቅዝቃዜ ማከም ሲባል ብዙ ሰው በቀዶ ጥገና ጊዜ ልብን አቀዝቅዞ ማቆም ይመስለዋል። ያ ሌላ ሙያ ነው። ክራዮአብሌሽን የሚሠራው ልብ እየመታ ሳለ ነው፤ ምቱን የሚያዛባውን ትንሽ ሥፍራ ብቻ ለይቶ ያቀዘቅዛል። ካቴተር የሚባለው ቀጭን ቱቦ በብሽሽት የደም ሥር ገብቶ ልብ ይደርሳል፤ ጫፉ ውስጥ የታመቀ ናይትረስ ኦክሳይድ ሲለቀቅ ሙቀት ይስባል። ጋዙ የጥርስ ሐኪሞች ለማደንዘዣ የሚጠቀሙበት ያው ጋዝ ነው።

ተፎካካሪው በሬድዮ ሞገድ ማቃጠል ነው። ከእሱ አጠገብ ሲቆም ብርዱን “ለስላሳ” ይሉታል፤ ይህ ያበሽቀኛል። ሕዋስ ሲቀዘቅዝ ውስጡና ዙሪያው የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፤ ሲሟሟ ደግሞ ሽፋኑ ይፈርሳል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮቹ ይዘጋሉ። መሟሟቱ ራሱ ገዳይ ነው። የብርድ ብልጫ ከመግደሉ በፊት ማስተኛት መቻሉ ነው።

በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መካከል ኤቪ ኖድ የሚባል የኤሌክትሪክ መተላለፊያ አለ። አንዳንድ ሰው እዚያ ሁለት መንገድ ይኖረዋል፤ ምልክቱ በሁለቱ እየዞረ ልብን ድንገት ያስጋልባል። ተጨማሪውን መንገድ መዝጋት ነው መድኃኒቱ፤ ዋናው ግን በሚሊሜትሮች ርቀት ላይ ነው። እሱ ከተቃጠለ ታካሚው ፔስሜከር የሚባል የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ሊያስፈልገው ይችላል። ብርድ የያዘ ሐኪም ግን ጫፉን ከዜሮ በታች ወደ 30 ዲግሪ አውርዶ ይጠብቃል። ሥፍራው ሥራውን ለጊዜው ያቆማል፣ አይሞትም። ዋናው መስመር ከተነካ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ቅዝቃዜው ይቋረጥና ሕዋሱ ሞቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሥፍራው ትክክል ከሆነ ከዜሮ በታች ወደ 70 እና 80 ይወረዳል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። በዚያ ላይ እርጥብ ጣት የፍሪዘር በረዶ ላይ እንደሚጣበቅ ጫፉ ሥጋው ላይ ይጣበቃል፤ ልብ ቢዘልም አይንሸራተትም። የልጆች ልብ ሐኪሞች የሚወዱት ለዚህ ነው። በሽታው ተመልሶ የመነሳት ዕድሉ ከማቃጠሉ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ለአንድ ልጅ ከዕድሜ ልክ ፔስሜከር ይልቅ ድጋሚ መታከምን እመርጥለታለሁ።

ስሙ የገነነው ግን በካቴተር ጫፍ የሚነፋው ባሉን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የቦርዶው ሚሼል አይሳጌርና ባልደረቦቹ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን የላይኛው የልብ ክፍል የተዛባ ምት የሚያስነሱ ምልክቶች በአብዛኛው ከሳንባ ደም መልሶች እንደሚነሱ አሳዩ። ባሉኑ የደም መልሱን አፍ ገጥሞ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ ያቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው “ፋየር ኤንድ አይስ” ጥናት በ762 ታካሚዎች ላይ ውጤቱ ነጥብ በነጥብ ከማቃጠል እንደማያንስ አረጋገጠ። እዚህም ብርዱ ጥንቃቄን ይፈቅዳል። በቀኝ በኩል ድያፍራምን የሚያዝዝ ነርቭ በቅርብ ያልፋል፤ ሐኪሞች ነርቩን በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሱ እጃቸውን ታካሚው ሆድ ላይ ያሳርፋሉ። የድያፍራሙ ምት ከደከመ ወዲያው ያቆማሉ፤ ነርቩም አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል።

አሁን ወደ ቁጣዬ። አንድ ጎረቤታችን ውጭ አገር ታክመው እንደመጡ “ልቤ ረግቷል፤ ኪኒን ምን ሊያደርግልኝ?” ብለው የደም ማቅጠኛውን ተዉት። ጋሼ፣ ልብዎ ውስጥ ገና ያልጠገገ ቁስል እኮ አለ! ቁስል ላይ ደም ይረጋል፤ ማቅጠኛው ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ወር ይወሰዳል። ከዚያ በኋላም መቀጠሉን የሚወስኑት እንደ ዕድሜ፣ ደም ግፊት፣ ስኳርና ያለፈ ስትሮክ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ የልብ መርጋት ኪኒኑን ለማቆም በቂ ምክንያት አይደለም። በተቃራኒው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምቱ ቢረበሽ “ከሸፈ” ብሎ ተስፋ መቁረጥም አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን በወጣትነት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚያገኛቸው ብዙዎች በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቫቸው የጠበበባቸው ናቸው። ለእነሱ ቀዳሚው ቫልቩን ማከም ነው፤ ከዚያም በፊት የልጅነት የጉሮሮ ሕመምን በፔኒሲሊን በጊዜ ማዳን። ብርዱን እንዲህ የምወድ ሰው ይህን ስናገር ይመኑኝ።