ብርዱ ከመግባቱ በፊት

ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው የመፀው ወቅት ለብዙዎቻችን የደስታ ጊዜ ነው። ጭቃው ደርቋል፤ ሰማዩም ጠርቷል። ሆኖም ቀኑ በፀሐይ ሲያታልለን ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የቀኑን ሙቀት ይይዝልን ነበር፤ ሰማዩ ሲጠራ ግን ሙቀቱ ሌሊቱን ወደ ላይ ያመልጣል። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። አባቶቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ሌሊት ያስተማረን

ከዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ ለብርዱ በሚገባ የተዘጋጀን መስሎን ነበር። የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ደፍነን፣ ለልጆቹ ብርድ ልብስ ደርበን ተኛን። በማግስቱ ጠዋት የቤት ሠራተኛችን በሰዓቷ አልተነሣችም። ማዕድ ቤቱ አጠገብ ያለችውን ክፍሏን ስከፍት፣ ከአልጋዋ አጠገብ አመድ የለበሰ የከሰል ምድጃ አየሁ። ራሷን ይዛ ታቃስታለች፤ መቆምም አቅቷታል። ደግፈን ወደ ውጭ አወጣናት፤ ባለቤቴም ፈጥኖ ወደ ሕክምና አደረሳት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች።

ማታ «ለምን ከሰል አስገባሽ?» ብዬ ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ «እትዬ፣ በርዶኝ ነው» አለችኝ። አልጋዋ ላይ የነበረው አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። እኔ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለት ትርፍ ነበረኝ። ያን ቀን እርሷን ለመውቀስ አፍ አልነበረኝም።

ከሰል ለምን ይገድላል?

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለምም ሽታም ስለሌለው አይታወቅም። ጭሱ ያለቀ ቀይ ፍምም ቢሆን ጋዙን ማውጣቱን አይተውም። ጋዙ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ ለብርዱ ብለን ስንጥቁን ሁሉ የደፈንንበት ቤት ለከሰል እጅግ አደገኛ ቤት መሆኑን ልብ እንበል።

ስለዚህ ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሲያበቃም ፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ሰው በሚተኛበት ክፍል ግን መስኮቱ ገርበብ ቢልም እንኳ ከሰል ፈጽሞ አይደር። የታፈነ ሰው ካገኘን ወተትና ሎሚ ስንፈልግ ጊዜ ሳናባክን ወደ ንጹሕ አየር አውጥተን ወደ ሐኪም እናድርስ።

ታዲያ በምን እንሙቅ?

ዝግጅቱ በጥቅምት ፀሐይ ቢጀመር መልካም ነው። በክረምቱ ዝናብ ልስኑ የረገፈ የጭቃ ግድግዳ ካለ ጭድ ገብቶበት በቦካ ጭቃ ይመረግ፤ ብርዱ ሳይጠና ይደርቃል። የቆርቆሮ ጣሪያ ሌሊት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ኮርኒስ ያስፈልገዋል። አቅም ካነሰ ታጥቦ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢትም ይረዳል።

ፍራሽና ብርድ ልብስ በክረምት እርጥበት ይይዛሉ፤ እርጥብ ልብስ ደግሞ አያሞቅም። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ይሰጡ። ጋቢ የሚያሞቀን አራት ድርብ ሆኖ በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ነው፤ በዚሁ መንገድ ሁለት ስስ ልብሶችን መደረብ ይጠቅማል። መሬት ላይ ለሚተኛ ሰው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከፍራሹ ሥርም ካርቶን ወይም ሰሌን ይነጠፍለት፤ ብርዱ ከታችም ይመጣልና።

የሚያድሩትን እንቍጠር

ባለትዳሮች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት አብራችሁ ተቀመጡና በግቢያችሁ የሚያድረውን ሰው ሁሉ ቍጠሩ። ልጆችን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛዋን፣ በር ላይ የሚያድረውን ዘበኛ፣ በጓሮ ክፍል ያሉትን አያትም ጨምሩ። ቀጥሎ ብርድ ልብሶቻችሁን ቍጠሩ። አንዳንዴ የሚጎድለው ብርድ ልብስ ሳይሆን የእኛ አስተውሎት ነው።

እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ጥቅምት ሲገባ ባለቤቴ ግድግዳውን ሲያይ እኔ አልጋዎቹን አያለሁ። የመጀመሪያውም አልጋ ማዕድ ቤቱ አጠገብ ያለው ነው።