አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ፊኛውና ስለ ከሰል ማንደጃው

ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀን፣ ያለ ውኃም ጥቂት ቀን ሊሰነብት ይችላል፤ ያለ አየር ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ መቆየት አይሆንለትም። ይህን ያህል የሚያስፈልገን ነገር በዐይን ስለማይታይና በገንዘብ ስለማይገዛ፣ ከሁሉ ይልቅ የምንዘነጋው እርሱን ነው። የአብነት ትምህርት ቤት መምህሮቻችን ነፋስን ከመሬት፣ ከውኃና ከእሳት ጋራ ከአራቱ ባሕርያት አንዱ አድርገው ሲያስተምሩን፣ የማይታየው ነገር ከሚታየው ጋራ እኩል ስፍራ እንዳለው ከሕፃንነታችን አስለምደውናል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ የዚሁ የማይታይ ነገር ጠባይ በሚዛንና በመስፈሪያ ሊመረመር እንደሚችል አሳይቶናል።

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ከእነዚህ ጠባዮቹ ስለ አንዱ ነው፤ ይኸውም አየር ሲሞቅ መስፋቱ፣ ሲቀዘቅዝም መሰብሰቡ ነው። ነገሩ የሕፃናት ትምህርት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በጉለሌ የክረምት ሌሊት የቤተ ሰብ ሕይወት የሚጠበቅበት ጥንቃቄ ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ አባትና እናት ሁሉ በትዕግሥት እንዲያነቡልን እንለምናለን።

አስቀድመን አየር ባዶ ነገር አለመሆኑን እንረዳ። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየርዋ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ እዚህ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱም 2 ሜትር ተኩል በሆነ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ እንግዲህ 20 ኪሎ ግራም ያህል አየር አለ ማለት ነው። ይኸውም የኩንታል አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። «ቤቱ ባዶ ነው» የምንለው በልማድ እንጂ በእውነት አይደለም።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። የእንጦጦ ብርድ በሚወርድበት በጉለሌ ማለዳ፣ ለዚህ ፈተና ከቀዝቃዛ ጠርሙስ መነሣት ቀላል ነው። የሚያስፈልገው አንድ ደረቅ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ፣ አንድ ፊኛ፣ ሁለት ሳፋ፣ ሙቅ ውኃና ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነው። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው ስስ የውኃ ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚጨማደድ ለዚህ ሥራ አይስማማም። ውኃውም የፈላ መሆን የለበትም። በጉለሌ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እኛ የምንፈልገው ግን ወደ 60 ዲግሪ ያህል ነው። ከዚያ ቢበልጥ ጠርሙሱ ሊሰነጠቅ፣ የልጅም እጅ ሊቃጠል ይችላል። ሙቁን ውኃ የሚቀዳውም ሁልጊዜ መምህሩ ወይም ወላጁ ይሁን።

ፊኛው ላስቲኩ እንዲላላ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ተነፍቶ ይተነፍሳል፤ ቀጥሎም በጠርሙሱ አፍ ላይ ይጠለቃል። በዚህ ጊዜ እንደ ደረቀ ቅጠል ተንጠልጥሎ ይታያል። ጠርሙሱ በሙቁ ውኃ ሲነከር ፊኛው ቀስ በቀስ ቀና ይላል፤ ጥቂት ቆይቶም ተነፍቶ ይቆማል። ወደ ቀዝቃዛው ሳፋ ሲዛወር ደግሞ ተመልሶ ይጎብጣል፤ ውኃው እጅግ የቀዘቀዘ እንደ ሆነም ወደ ጠርሙሱ አፍ ይሳባል። ተማሪዎቹ ይህን ባዩ ጊዜ የሚያሰሙት እልልታ ለመምህር ትልቅ ደመወዝ ነው።

ነገር ግን ትምህርቱ የሚጀመረው ከእልልታው በኋላ ነው። «ፊኛውን ምን ነፋው?» ተብለው ሲጠየቁ ልጆቹ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። አንዱ «የሙቁ ውኃ እንፋሎት ገባበት» ይላል። ሁለተኛው «ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ወደ ፊኛው ወጣ» ይላል። ሦስተኛው «በጠርሙሱ ውስጥ አዲስ አየር ተፈጠረ» ይላል። መምህር እዚህ ላይ «ተሳስታችኋል» ብሎ ቢዘጋው ልጆቹ ቃሉን ይቀበሉታል እንጂ ነገሩን አይረዱትም። ስለዚህ እያንዳንዱን መልስ በፈተና እንመዝነዋለን።

እንፋሎት ነው ላለው፣ ጠርሙሱን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልለን ከደጅ በፀሐይ ላይ እናቆምለታለን። ውኃ በአጠገቡ ሳይኖር ፊኛው በጥቂቱም ቢሆን ቀና ይላል። ሙቅ አየር ወደ ላይ ወጣ ላለው፣ ጠርሙሱን ዘቅዝቀን ፊኛው ወደ መሬት እንዲንጠለጠል እናደርጋለን፤ ጠርሙሱንም በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅ እንጠቀልለዋለን። ፊኛው ወደ ታች ሆኖ ሳለ ይነፋል። እንግዲያውስ አየሩ የሰፋው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን በየአቅጣጫው ነው። አዲስ አየር ተፈጠረ ላለው ደግሞ መልሱ ቀዝቃዛው ሳፋ ነው፤ የተፈጠረ አየር ቢኖር ኖሮ ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ፊኛው ወደ ነበረበት ባልተመለሰ ነበር። አየሩ ያው ነው፤ የያዘው ስፍራ ብቻ ሰፋ።

ይህ ለምን ይሆናል? አየር ሞለኪዩል የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ክፍሎች ስብስብ ነው፤ እነዚህም ዕረፍት የላቸውም። ሙቀት ሲያገኙ ሩጫቸው ይፈጥናል፤ ሲፈጥኑም የያዛቸውን ዕቃ አጥብቀው ይገፉታል። ዕቃው እንደ ፊኛ የሚለጠጥ ከሆነ ይሰፋል። መጠኑም የታወቀ ነው፤ ግፊቱ ሳይለወጥ አየር በያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት፣ በ0 ዲግሪ ሳለ ከነበረው ስፍራ 273ኛውን እጅ ይጨምራል። ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙሳችን ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አየሩ 45 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ይህም ከአንድ የቡና ሲኒ ጥቂት የሚያንስ ነው።

ሰዎች ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ አስተውለዋል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ሊቅ ሄሮን፣ በጣዖት ቤት መሠዊያ ላይ እሳት ሲነድ በሮቹ በራሳቸው የሚከፈቱበትን መሣሪያ በመጽሐፉ ገልጾአል። ከመሠዊያው ሥር ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋና ውኃን ወደ ተንጠለጠለ ባልዲ ይገፋል፤ የባልዲው ክብደትም ገመዱን ስቦ በሩን ይከፍታል። እሳቱ ሲጠፋ አየሩ ይሰበሰባል፤ በሩም ይዘጋል። ምስጢሩን ያላወቀ ተመልካች ጣዖቱ በሩን የከፈተ ሊመስለው ይችል ነበር። የሚገፋው ግን የሞቀ አየር ብቻ ነበረ።

ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1783 ዓ.ም. ሞንጎልፊዬ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ወንድማማቾች ከእሳት በላይ የተያዘ ትልቅ ከረጢት ወደ ሰማይ አስነሡ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በቬርሳይ በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ፣ በኅዳር ወር ደግሞ ሁለት ሰዎች በፓሪስ ላይ በረሩበት። የሚያስደንቀው ግን ወንድማማቾቹ የሚያነሣው ጢሱ ነው ብለው ማመናቸው ነው። ሥራቸው ትክክል፣ ምክንያታቸው ግን ስሕተት ነበረ። ከዚያ በኋላ ሻርል እና ጌ ሉሳክ የተባሉ ሊቃውንት አየርና ሌሎች ጋዞች ሲሞቁ ምን ያህል እንደሚሰፉ መረመሩ፤ ጌ ሉሳክም ውጤቱን በ1802 ዓ.ም. አሳተመ። ከዚህ የምንማረው፣ ነገር ስለ ተሳካ ብቻ ምክንያቱን አውቀነዋል ማለት እንደማይገባን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እናት እንጀራ ስትጋግር በሊጡ ውስጥ ያለው የቡኮው ጋዝ በምጣዱ ሙቀት ይሰፋል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ሲፈነዳም የእንጀራውን ዐይን ያወጣል። በቀትር ፀሐይ የጠነከረው የልጆች ኳስ በማለዳ ብርድ ይላላል። በቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩ እናቶቻችንም ጀበናውንና ምጣዱን ሳያደርቁ ወደ እሳት አያስገቡም። በጭቃው ውስጥ የቀረች ውኃ እንፋሎት ስትሆን ስፍራዋ ከ1,600 እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ ሸክላውን ትሰነጥቀዋለች። ይህን በልምድ ያወቁትን ባለ ሙያዎች በንቀት ስም የሚጠራ ሰው ቢኖር፣ የሚያፍርበት ነገር የራሱ አለማወቅ ነው። ደግሞም አፉ የተዘጋ ማናቸውም ዕቃ፣ ይልቁንም ያለቀ የፍሊት ቆርቆሮ፣ ወደ እሳት እንዳይጣል ልጆቻችንን አጥብቀን እናስጠንቅቅ፤ የታፈነው ጋዝ የሚሰፋበት ስፍራ ሲያጣ ይፈነዳል።

የሰፋ አየር በያንዳንዱ ሜትር ኩብ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛና ከባድ አየር ከሥር ገብቶ ወደ ላይ ይገፋዋል። በጽና ላይ ያለው የዕጣን ጢስ ወደ ላይ የሚያርገው ፍሙ ያሞቀው አየር ተሸክሞት ነው። በበጋ ወራት ማለዳ የጉለሌ ጢስ በሸለቆው ላይ ተጋድሞ የሚታየው ደግሞ፣ ከእንጦጦ ተዳፋት የወረደው ከባድ ቀዝቃዛ አየር ከታች ተኝቶ ስለሚይዘው ነው።

አባቶቻችን የሣር ክዳን ባለው ጎጆ መካከል እሳት ሲያነዱ፣ ጢሱ ዐይን ቢያስለቅስም የሞቀው አየር በክዳኑ መካከል እየሾለከ ይወጣ ነበር፤ በግድግዳው ስንጥቅም ንጹሕ አየር ይገባ ነበር። ዛሬ ቤታችን ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ጣራው በኮርኒስ የተሸፈነ፣ ግድግዳው የተለሰነ ነው። ብርድ ሲበረታም የበሩን ሥር በጨርቅ እንወትፋለን። ቤቱ አምሮአል፤ ነገር ግን ላይና ታች ያለው መተንፈሻው ተዘግቶአል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ቡና የተፈላበትን ማንደጃ ለሙቀት ብሎ ወደ መኝታ ማስገባት ሞትን ማስገባት ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ብዙ ሰዎች «ጢሱ ካለቀ፣ ከሰሉም ፍም ከሆነ አይጎዳም» ይላሉ፤ ይህ እውነት አይደለም። ጢሱ የሚታየው ክፍል ነው፤ መርዙ ግን ከቀላው ፍምም ይወጣል። ደግሞ «ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መሬት ላይ የተኛ ሰው ይድናል» የሚል ቢኖር፣ ጋዙ ክብደቱ ከአየር ጋራ ተቀራራቢ ስለ ሆነ ሲቀዘቅዝ በክፍሉ ሁሉ እንደሚቀላቀል ይወቅ።

ስለዚህ ማንደጃ ባለበት ቤት ማንም አይተኛ፤ መስኮት ገርበብ ማድረግም ለመኝታ ዋስትና አይሆንም። ቡና በሚፈላበት ጊዜ በሩና ከፍ ያለው መስኮት አብረው ይከፈቱ፤ ቡናው ሲያበቃ ማንደጃው ከነፍሙ ወደ ደጅ ይውጣ። አራስና ሕፃን ባሉበት ቤት ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ ሙቀቱ ከጋቢና ከብርድ ልብስ ይፈለግ። በቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድነት ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ሲያዞራቸው፣ ሲያቅለሸልሻቸው ወይም እንቅልፍ ሲጫናቸው ሌላ ምክንያት ፍለጋ ጊዜ አይጥፋ። ወዲያውኑ በሩ ተከፍቶ የታመሙት ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፤ ሳይዘገዩም ወደ ሕክምና ይወሰዱ። ጸሎት የሚገባ ነው፤ በሩን መክፈትም የሚገባ ነው።

ይህን ምክር በቃል ብቻ መናገር ለልጅ አይበቃውም። በሚመጣው ሰንበት ከሰዓት በኋላ፣ ሌሊት ከደጅ ያደረ ባዶ ጠርሙስ ወደ ቤት አስገቡ። አፉን በውኃ አርጥባችሁ የአንድ ብር ሳንቲም ክደኑበት፤ ልጃችሁም በሁለት እጁ ጠርሙሱን ይቀፈው። ጥቂት ቆይቶ ሳንቲሙ ብድግ ብሎ ጠብ ይላል፤ ደግሞም ይደግማል። የሕፃን እጅ ሙቀት ያሞቀው አየር ብር ካነሣ፣ በማንደጃ ሙሉ ፍም የሚሞቀው የቤታችን አየር እንዴት ያለ ሥራ እንደሚሠራ ልጁ ራሱ ይጠይቃችኋል። በዚያን ጊዜ ስለ ፊኛው ንገሩት፤ ስለ ማንደጃውም አትርሱ።